መሐላና ትዝታ

በልደታ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚቆም ሰው ምስክሮች ተራቸውን ሲጠባበቁ ያያል። ችሎት ገብተው ከማሉ በኋላ አንዱ ሳይደናቀፍ እንደ ዳዊት ደጋሚ ሲያወርደው «እውነተኛ ምስክር!» ብለን እናደንቃለን። ሌላው «ኮቱ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ ዘነጋሁ» ያለ እንደ ሆነ ግን ሐሰተኛ እንለዋለን። ይህ ልማዳችን ንጹሑን ሰው ወኅኒ ሊያስገባ፣ ቅኑንም ምስክር ሊያሳፍር የሚችል ክፉ ልማድ ነው።

«በዓይኑ አይቶ የማለ ሰው እንዴት ይጠረጠራል?» የሚሉን አይጠፉም። መልሳችን አጭር ነው፤ መሐላ ከሐሰት ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ከስሕተት አይጠብቅም። ሐሰተኛ እውነቱን እያወቀ ይሰውራል፤ የተሳሳተው ግን ያላየውን እንዳየ ከልቡ ያምናል። አነጋገሩም የሚጸናው ስለዚሁ ነው።

የሰው ትዝታ በሣጥን የተቆለፈ መዝገብ አይደለም። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በገዛ ራሱ ላይ መርምሮ እንዳሳየው፣ ያጠናነው ነገር ፈጥኖ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው። የጠፋውንም ቦታ ልቡና ባዶ አይተወውም፤ ከሰማውና ከገመተው ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያኑ ሎፍተስና ፓልመር የመኪና ግጭት ፊልም ለተማሪዎች አሳዩ። 50ዎቹን «መኪኖቹ ሲከሰከሱ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ሌሎቹን 50 ደግሞ «ሲጋጩ ስንት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስተዋት አይታችኋል?» ሲባሉ ከፊተኞቹ 16፣ ከኋለኞቹ 7 «አዎን» አሉ። በፊልሙ ግን የተሰበረ መስተዋት አልነበረም! ጠያቂው የጣላት አንዲት ቃል ትዝታ ሆና በቀለች።

ነገሩ የትምህርት ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚያው በአሜሪካ ሮናልድ ኮተን የተባለ ሰው በ1985 ተፈርዶበት፣ ከ10 ዓመት እስራት በኋላ በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ንጹሕነቱ ተረጋገጠ። «እርሱ ነው» ብላ የመሰከረችበት ተበዳይ አልዋሸችም፤ ተሳሳተች እንጂ።

የምንሻው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል» ብለዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ምስክሩን ያቀረበው ወገን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሪ ጥያቄ እንዳያቀርብለት ከልክሎአል። እንግዲህ የምስክር ቃል ትኩስ ሳለ በገዛ አነጋገሩ ይጻፍ፤ መልሱን ያዘለ ጥያቄም አይቅረብለት። «ምን ያህል ርግጠኛ ነህ?» ከማለታችን በፊት «ይህን መጀመሪያ ለማን፣ መቼ ነገርህ?» እንበለው። «አላስታውስም» ለማለት የደፈረውንም ሰው እናክብረው፤ የትዝታውን ወሰን ያወቀ ምስክር እርሱ ነውና።