«ሳይንስ አያውቅም» እያልን አንስበክ

«ስበት ምን እንደሆነ ሳይንስ አያውቅም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር አለ» የሚል ስብከት ከመድረኮቻችን እንሰማለን። ወገኖች፣ ይህ ለእምነት መሟገት አይደለም!

እ.ኤ.አ. በ1687 ኒውተን ቁስ ሁሉ እርስ በርሱ እንደሚሳሳብ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ እንደሚወርድ አሳየ፤ መንስኤውን ግን ሳያብራራ ተወው። እግዚአብሔርን በዚያ ክፍተት ውስጥ ያስቀመጠ ሰባኪ በ1915 ምን ይል ነበር? አንስታይን መጠነ ቁስና ጉልበት ኅዋንና ጊዜን እንደሚያጎብጡ፣ ስበትም ይኸው ጉብጠት እንደሆነ አስረዳ። ስበት በዩኒቨርስ ሁሉ ያለው ቁስና ጉልበት በየስፍራው ስላሉ ነው፤ ከእጃችን የወደቀው ብርጭቆም ጨረቃም ለአንድ ሕግ ይገዛሉ።

ቁስ ኅዋን ለምን እንደሚያጎብጥ ዛሬም ይጠየቃል። ነገ መልስ ቢገኝ ጌታችን በዚያው ልክ ሊያንስ ነው? ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን የተማረ ልጃችን «ዋሽታችሁኛል» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ቢወጣ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ቆላስይስ 1፥17 ሁሉን ያያያዘው ክርስቶስ እንደሆነ ሲነግረን ያወቅነውንም ያላወቅነውንም ማለቱ ነው። የታወቀውም ሕግ የእርሱ ነው። እንግዲህ በሰው አለማወቅ ላይ መስበክ ይብቃን! አንብበን እንስበክ።