የጥቆማው ሳጥን ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?



በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች በር ላይ የሚሰቀለውን የጥቆማ ሳጥን ታውቁታላችሁ። ስማችሁን ሳትገልጹ ያያችሁትን ጽፋችሁ ክተቱ ይላችኋል። ሳጥኑን የሚከፍተው ግን ማን ነው? ቁልፉ ጥቆማ በቀረበበት ኃላፊ ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ሳጥኑ ጠቋሚን ማጥመጃ እንጂ የሕዝብ አቤቱታ መቀበያ አይደለም። ዛሬ ጥቆማ በስልክና በቴሌግራምም ይላካል፤ ሳጥኑ ተለወጠ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

ፓርቲያችን ስም አልባ ጥቆማ አስፈላጊ ነው ብሎ ያምናል። የሰፈሯን ቀማኛ ያየች እናት ስሟን ሰጥታ ብትጠቁም፣ ተጠርጣሪው በዋስ ወጥቶ በማግሥቱ ደጇ ላይ ሊቆም ይችላል። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከባድ ቅጣት በሚያስከትሉ ወንጀሎች ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ቀላል ስርቆት አይቶ ለጠቆመ ሰው አይደርስለትም።

ይሁን እንጂ ያልተመረመረ ጥቆማ ምን እንደሚያደርስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙት የከተማ ቀበሌዎች፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በሹክሹክታ የተነገረን ስም ተቀብለው ሰው ያሰሩና ያስገደሉ ነበሩ። ቂመኛ ጎረቤትና እውነተኛ ጠቋሚ የሚለዩበት መንገድ አልነበረም። በመሆኑም ስም አልባ ጥቆማ የምርመራ መነሻ እንጂ ማስረጃ ሊሆን አይገባም፤ በእርሱ ብቻ ማንም ሊታሰር አይችልም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ጎረቤታችን ኬንያ አሳይታለች። ከታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ሁከት ሲነሣ፣ ኡሻሂዲ (በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው) የተባለው የዜጎች ጥረት ከሕዝብ በስልክ መልእክትና በኢንተርኔት የመጣለትን መረጃ እያጣራ በካርታ ላይ አወጣ። ያን ያደረጉት የመንግሥት ባለሥልጣናት ሳይሆኑ ጥቂት ፈቃደኛ ዜጎች ናቸው።

ብትመርጡን ጥቆማ የሚመረምረው ከወረዳ አስተዳደርም ከፖሊስም ነፃ የሆነ፣ ዕድሮች፣ የሴቶች ማኅበራትና የሕግ ባለሙያዎች የሚወከሉበት ቦርድ ይሆናል። ቦርዱ በየወሩ ለሕዝብ የሚያወጣው የወንጀሉን ዓይነት፣ አካባቢውንና ጊዜውን ነው፤ የተጠርጣሪ ስምና የቤት ቁጥር አይወጣም። ጠቋሚውንም ማሰብ ይገባል። «ሌሊት 8 ሰዓት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው በር» ተብሎ ከተለጠፈ፣ በሩ የሚታየው ከአንድ መስኮት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ መስኮት የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ቦታው በሰፈር፣ ጊዜው በሳምንት ብቻ ይገለጻል።

የተረጋገጠው «ተረጋግጧል»፣ ያልተረጋገጠው «አልተረጋገጠም» ተብሎ ይጻፋል። ሐሰት ሆኖ የተገኘ ካለ፣ በወጣበት ሰሌዳ ላይ፣ በወጣበት የፊደል መጠን፣ ሐሰት መሆኑ ይለጠፋል።