አንድ ስም፣ ብዙ ሞለኪውል

እኛ የፊዚክስ ሰዎች ሥራችንን የምንጀምረው ከአንድ ትልቅ እምነት ነው፤ ይኸውም አንዱ ኤሌክትሮን ከሌላው ኤሌክትሮን በምንም አይለይም የሚል ነው። በኬሚስትሪ የሚቀመሙ ተራ መድኃኒቶችም ለዚህ እምነት ይመቻሉ። የአስፕሪን ሞለኪውል 21 አተሞች ብቻ ያሉት በመሆኑ የትም አገር ቢሠራ ሞለኪውሉ ያው ነው። ሕይወት ካለው ሕዋስ ወደሚገኙ መድኃኒቶች ስንሻገር ግን ይህ ልማድ ያሳስተናል። ስለ እነዚህ መድኃኒቶች «አንድ ዓይነት ናቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ልዩነታቸው ምን ያህል ነው? ማንስ ለካው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል እንላለን።

ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ የሚያመነጩ ሕዋሳትን የማዘጋጀት ዘዴ አስተዋወቁ፤ በ1984ም ለዚሁ ሥራቸው ከኒልስ የርን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ዛሬ ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ በርካታ ፀረ እንግዳ አካላት የሚመረቱት አይጥ ከምትመስለው የቻይና ሃምስተር፣ ዕንቁላል ከሚያፈልቀው አካሏ በተገኙ ሕዋሳት ነው።

አንድ ፀረ እንግዳ አካል 20,000 ያህል አተሞች አሉት። የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ጂን ይወስነዋል። በግንዱ ላይ የሚቀጠሉት የስኳር ሰንሰለቶች ግን ቃል በቃል የሚገለበጡበት ጽሑፍ የላቸውም። ጎልጂ በተባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ኤንዛይሞች ተራ በተራ ይቀጥሏቸዋል፤ አንዱ ጋላክቶስ፣ ሌላው ፉኮስ ይጨምራል፤ አንዳንዱ ሞለኪውል ደግሞ ሳይደርሰው ያልፋል። ስለዚህ ከአንድ ጋን የሚቀዳው ምርት ከመነሻው የብዙ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው።

ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ጌሾውና ብቅሉ አንድ ሆኖ ሳለ የአየሩ ብርድና የጋኑ አስተጣጠን ጣዕሙን ይለውጠዋል። ሕዋሱም እንዲሁ ነው። ግሉታሚን የተባለውን ምግቡን ሲያፈርስ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያው ሲጠራቀም የጎልጂው አሲዳማነት ስለሚቀንስ ጋላክቶስ የሚቀጥለው ኤንዛይም ይዳከማል። በአንጻሩ ጥቂት ማንጋኒዝ ቢጨመር ይኸው ኤንዛይም ይበረታል። ሕዋሳቱ መራባት ገታ አድርገው ማምረት እንዲቀጥሉ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ወደ 32 ገደማ ዝቅ ሲደረግም የስኳሩ ድርሻ ሊለወጥ ይችላል።

የጋኑ መጠን ራሱ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። የአንድ ሊትር ዕቃ ቅርጹን ሳይለቅ ወደ 10,000 ሊትር ቢያድግ ቁመቱና ወርዱ እያንዳንዳቸው 21.5 ጊዜ ያህል ያድጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የላይ ገጽ ስፋት ግን በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ ኦክሲጅን በአረፋ ማስገባት፣ የሚጠራቀመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣት፣ ሕዋሱን ሳይጎዱ ማማሰል የግድ ይሆናል። በላቦራቶሪ የተስማማው ሁኔታ በፋብሪካው ጋን በራሱ አይደገምም።

ይህ ልዩነት ለሕመምተኛው ምን ያመጣል? አንዳንዱ ምንም አያመጣም። አንዳንዱ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፉኮስ የሌለው ፀረ እንግዳ አካል የታመመን ሕዋስ በሚገድሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ካለው ተቀባይ ጋር እስከ 50 እጥፍ በሚደርስ ብርታት ይያያዛል።

ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው አምራች የባለቤትነት መብት ሲያበቃ ሌሎች ተቀራራቢውን ምርት በቅናሽ ያቀርባሉ። «መድኃኒቱ ማለት የአሠራሩ ሂደት ነው፤ ሂደቱ ከተለየ መድኃኒቱም ሌላ ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ሪቱክሲማብን ጨምሮ በገበያ ላይ የነበሩ 3 ነባር መድኃኒቶች የስኳር ድርሻ በጊዜ ብዛት መለወጡን አሳይቷል። በ2017ም የተወዳዳሪ አምራች ተመራማሪዎች ነባሩ የጡት ካንሰር መድኃኒት ትራስቱዙማብ በአንዳንድ ምርቶቹ ላይ ሕዋስ የማስገደል ኃይሉ ዝቅ ማለቱን ዘግበዋል። ነባሩ ራሱ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ ከሆነ፣ አዲሱን «አንድ ዓይነት አይደለህም» ብሎ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ስኳር ምን ያደርጋል ብሎ የመጣውን ሁሉ መቀበልም የዚያኑ ያህል ስሕተት ነው።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን እ.ኤ.አ. በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷል፤ በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የመጀመሪያውን ተቀራራቢ ምርት መርምሮ ብቁ ነው ብሏል። ከውጭ የምትገዛ አገር በዋጋና በጥራት መካከል መምረጥ የምትችለው የቀረበላትን የመለኪያ ሰነድ አንብባ መጠየቅ የሚችል ሰው ሲኖራት ነው።

ስለሆነም ውድ ተማሪዎቻችን፣ የትምህርት ክፍሎቻችንን የሚለያየውን ግድግዳ እንድትሻገሩ አደራ እንላለን። የፊዚክስ ተማሪ ሕዋስ እንዴት እንደሚመገብ ይማር፤ የባዮሎጂ ተማሪም የሞለኪውል ክብደት የሚለካውን መሣሪያ አሠራርና የልኬት ስሕተትን ስሌት ይወቅ። ነገ አንዲት እናት ሐኪም ቤት ገብታ ክንዷን ስትዘረጋ፣ በዚያ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ድብልቅ ከወሰኑ አለመውጣቱን አጣርቶ የሚፈርም ባለሙያ ከእናንተ መካከል መውጣት አለበት።