የመካኒኩን እጅ የመራው ወረቀትስ?

አውሮፕላን በጥገና ስህተት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ሰው ይታወቃል፤ ዳዶውን ያጠበቀው። "መካኒኩ ነው" ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። ግን ሰውየው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ያነበበው መመሪያ ምን ይል ነበር?

ኦገስት 26 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሃያኒስ የተነሳ የኮልጋን ኤር ቢችክራፍት 1900ዲ ብዙም ሳይርቅ ውኃ ውስጥ ወደቀ። መንገደኛ አልጫነም ነበር፤ ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። ከጥገና ወጥቶ የመጀመሪያ በረራው ነበር። በጥገናው የተቀየረው የኤሌቬተር ትሪም ኬብል ነው። ትሪም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንዲቆይ የሚያግዝ፣ ጅራቱ ላይ ያለ ማስተካከያ ነው። ኬብሉ ተገልብጦ በመገጠሙ ትሪሙ አብራሪዎቹ ካዘዙት በተቃራኒ ሠራ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ዋናው ምክንያት የኬብሉ አገጣጠምና ከሥራው በኋላ የተደረገው ፍተሻ ጉድለት ነው አለ። አብራሪዎቹም ቼክሊስቱን አለመከተላቸውን አልደበቀም። ነገር ግን አንድ ነገር ጨመረ፦ በአምራቹ የጥገና ማኑዋል ላይ ኬብሉ የሚጠመጠምበት መዘውር ሥዕል የተሳሳተ ነበር።

ሌላም አለ። ኦገስት 20 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ናሃ ኤርፖርት ላይ አንድ የቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 737-800 አርፎ ከቆመ በኋላ በእሳት ጋየ። ደግነቱ 165ቱም ሰዎች ወጥተው ተረፉ። ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? አንዲት ሮንዴላ! ቀደም ብሎ በተደረገ ጥገና ሮንዴላዋ ሳትገባ ቀርታለች። ዳዶው ብቻውን ከቀዳዳው ያንሳልና ቡሎኑ ከነዳዶው ወልቆ ክንፉ ውስጥ ወደቀ፤ የክንፉ የፊት ጠርዝ ሲሰበሰብ ገፍቶት የነዳጅ ታንኩን በሳው።

የጃፓን መርማሪዎች ታዲያ ሠራተኛው ላይ ብቻ አላቆሙም። ቦታው እጅ ለማስገባት የሚያስቸግር ሆኖ ሳለ አምራቹም አየር መንገዱም የሥራ ትእዛዙን ሲያዘጋጁ ለዚህ በቂ ትኩረት አልሰጡም አሉ። ሠራተኛውና ተቆጣጣሪውም ሥራው አስቸጋሪ መሆኑን ላዘዘው ክፍል አላሳወቁም። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ከላይ ያለው አልጠየቀም፣ ከታች ያለው አልተናገረም።

"ባለሙያ አይደለም እንዴ? ማወቅ ነበረበት!" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ከሥራ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ የተፈጠረው እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ ነው፤ ፍተሻውን የዘለለም ይጠየቅ። ግን በአውሮፕላን ጥገና "ከማኑዋሉ ውልፍት አትበል" የሚባለው ያው ባለሙያ ነው። ማኑዋሉን እንዲያምን ካስገደድነው ማኑዋሉ ሲያሳስተው ብቻውን ልንሰቅለው አይገባም። መካኒኩን ቀጥቶ ሥዕሉን ሳያርሙ መተው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ነው። ነገ ሌላ መካኒክ ያንኑ ገጽ ይገልጣል።

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢቲ 302 የ157 ሰዎች ሕይወት ሲያልፍ ውጭ ያሉ አንዳንዶች ጣታቸውን የቀሰሩት አብራሪዎቻችን ላይ ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ግን ከወራት በፊት የላየን ኤር አውሮፕላን እስኪወድቅ ድረስ በአብራሪዎች ማኑዋል ውስጥ አልተብራራም ነበር። ያ ጉዳይ የጥገና አልነበረም፤ ጣት አቀሳሰሩ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ በሀንጋር ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦ መመሪያው ካልገባችሁ ሥራውን አቁማችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ አስቀምጡት። ለአለቆች ደግሞ፦ "ይሄ ገጽ ግልጽ አይደለም" ያላችሁን ሰው ሰነፍ አትበሉት። ምናልባት የዚያን ቀን መንገደኞች በሙሉ ያተረፈው እሱ ይሆናል።