ሽቅብ ቁልቁል

«ካምፕ ሁለት ከደረሱ በኋላ ለምንድን ነው የሚወርዱት?» አለኝ ወዳጄ። «ደከሙ?»

«አልደከሙም። ሥራቸው ነው።»

«መውረድ?»

«አዎ፣ መውረድ። ኤቨረስትን በኔፓል በኩል የሚወጣ ቡድን ከሉክላ ተነስቶ ከሳምንት በላይ በእግሩ ይጓዛል። መንገድ ላይ ናምቼ ባዛር፣ 3,440 ሜትር ላይ፣ ሆን ብሎ አንድ ቀን ይጨምራል። 5,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ቤዝ ካምፕ ሲደርስም አይቸኩልም። ካምፕ አንድና ሁለት ወጥቶ አድሮ ይመለሳል። ቀጥሎ 7,200 ሜትር አካባቢ ያለውን ካምፕ ሦስት ይነካል፤ ደግሞ ይወርዳል። ወደ ጫፉ፣ ወደ 8,849ኙ፣ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።»

«እዚያ ኦክስጅን የለም ማለት ነው?»

«ድርሻውማ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ያህል ነው። የሚወድቀው የአየሩ ግፊት ነው። ቤዝ ካምፕ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከምታገኘው ግማሹ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲሶው። ሰውነት መጀመሪያ ትንፋሹን ያፋጥናል። ያን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ይሸሻል፤ እሱ ሲያንስ ደግሞ አንጎል ትንፋሹን ያዝ ያደርገዋል። ሌሊት ድንኳን ውስጥ የተኛው ሰው ትንፋሹ ቀጥ ብሎ በድንጋጤ የሚባንነው በዚህ ግብግብ ነው። ኩላሊት የደሙን ሚዛን እስኪያስተካክል ቀናት ይፈጃል። መቅኔ ቀይ የደም ሴል እስኪያበዛ ደግሞ ሳምንታት።»

«በአንድ ትንፋሽ ሽቅብ ቢሉስ?»

በፊኛ የሞከሩትን ነገርኩት። በፈረንጆቹ 1875 ሦስት ፈረንሳውያን ዜኒት በተባለች ፊኛ ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ። ኦክስጅን ይዘው ነበር፤ ግን ጋስቶን ቲሳንዲዬ ቧንቧውን ሊይዝ ሲፈልግ ክንዱ አልታዘዝ አለው። እሱ ራሱን ስቶ ተረፈ፤ ክሮቼ ስፒኔሊና ሲቬል ሞተው ወረዱ። በ1978 ራይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሀበለር ከዚያ በሚበልጥ ከፍታ፣ ኤቨረስት ጫፍ ላይ፣ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ቆመው በሕይወት ተመልሰዋል። ከፊኛው ሰዎች የለያቸው ብርታት ብቻ አይደለም። ሳምንታት ሽቅብ ቁልቁል ብለው ነበር።

«እኛ ደገኞችስ?» አለ ፈገግ ብሎ።

ይህ የእኔም ጥያቄ ነበር። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በፈረንጆቹ 2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ፣ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሄሞግሎቢን በባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስ ሰዎች ግን ደማቸው በሄሞግሎቢን የወፈረ ነው። ለአንድ ችግር ሁለት ሕዝቦች ሁለት መንገድ አገኙ። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ደስታዬ ወሰን የለውም። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ኤቨረስት ላይ ከመላመድ አናመልጥም።

ከዚያ ወደሚያሳስበኝ ነገር ገባን። እያንዳንዱ ሽቅብ ቁልቁል በኩምቡ የበረዶ ፏፏቴ ያልፋል። ፏፏቴው እየተንቀሳቀሰ የሚፈራርስ በረዶ ነው። ደንበኛው ጥቂት ጊዜ ቢያልፍ፣ ድንኳኑን፣ ምግቡንና የኦክስጅን ሲሊንደሩን የሚሸከመው ሸርፓ ደጋግሞ ይመላለሳል። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በረዶ ተንዶ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን የገደለው እዚያው ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቡድኖች አሁን 6,119 ሜትር ከፍታ ባለው፣ ሎቡቼ ምሥራቅ በተባለ ተራራ ላይ ተላምደው ይመጣሉ፤ የፏፏቴውን ጉዞ ለማሳነስ። ከልቤ የምደግፈው ይህን ነው።

«በቅርቡ በጥቂት ቀን ወጡ የተባሉትስ?» አለ።

በፈረንጆቹ 2025 ከለንደን ተነስተው በአምስት ቀን ገደማ ጫፍ የረገጡትን አራት ብሪታኒያውያን ማለቱ ነው። ዜኖን የተባለ ጋዝ ስበው ነበር፤ ወሬው ሁሉ ስለ ጋዙ ሆነ። የዓለም አቀፉ ተራራ ወጪዎች ፌዴሬሽን ሐኪሞች ግን ጋዙ ተራራ የመውጣት ብቃትን እንደሚያሻሽል ማስረጃ የለም ብለዋል። ሰዎቹ ቤታቸው ሳሉ ኦክስጅን በሚቀንስ ድንኳን ውስጥ ሳምንታት ተኝተዋል። በእኔ ግምት ያደረሳቸው እሱና ተሸክመውት የወጡት ኦክስጅን ነው።

«ታዲያ ምን ይከፋል? ፏፏቴውንም ያለፉት ጥቂት ጊዜ ነው።»

«ለእነሱ ልክ ነህ» አልኩት። «መሰላሉ ግን በፏፏቴው ላይ ቀድሞ ተዘርግቶ፣ ገመዱ እስከ ጫፉ ታስሮ፣ ካምፑ ተሞልቶ ጠብቋቸዋል። ጉዞው አጠረ የሚል ሁሉ ሸርፓዎቹ በዚያ ወቅት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አብሮ ይቁጠርልኝ።»