ሁለት ወርድ በአንድ ቤት

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ማይክሮሶፍት ወርድ ጭኖ መሥራት ለብዙ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ጋር የመቆራኘት አባዜ ይመስለዋል። «አዲሱ እያለ አሮጌው ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ፋሲሎ፣ ባሕር ዳር፣ እኔንም ደጋግሞ ገጥሞኛል። እኔ ግን የ2003ቱንና የ2010ሩን ጎን ለጎን አኑሬያለሁ፤ ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ሁሉ ከተቻለው እንዲህ ቢያደርግ እመርጣለሁ።

ምክንያቴ ፊደል ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን መለያ ቁጥር ከማግኘቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ በኮምፒውተር የኖረው በተውሶ ወንበር ነበር። የያኔው ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ አለው፤ ከዚያም ውስጥ ሁሉም ነፃ አይደለም። የእኛ 33ቱ ሆሄያት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ፊደሉ በላቲን ፊደል ቦታ ተቀመጠ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ላይ አንዱ ፎንት አልበቃ ብሎ ለሁለትና ለሦስት ተከፈለ። ዓይን «ሀ»ን ያያል፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ምልክት ነው። ፎንቱ የጠፋ ዕለት ግጥሙ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅ ይሆናል።

ወርድ ደግሞ እንግሊዝኛ የተጻፈ መስሎት ለማረም ይነሣል። የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ምልክት ከትንሹ ወደ ትልቁ ላቲን ሲቀይር፣ በላዩ የተቀመጠው የአማርኛ ሆሄ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በስድ ንባብ አንባቢ ገምቶ ያልፈዋል። በግጥም ግን ቤት መምቻው ላይ አንዲት ሆሄ ብትዛነፍ ቤቱ ፈረሰ! እኔ በአሮጌው ወርድ ላይ ራስ አራሚውን ዘግቼ ለድሮ ጽሑፎች ብቻ ሰጥቼዋለሁ፤ አዲሱ የዩኒኮድ ነው።

አጫጫኑ ቀላል ነው። እንደ ማዕድ ሥርዓታችን ታላቁ ይቀድማል፦ መጀመሪያ አሮጌው፣ ከዚያ አዲሱ፣ ለየብቻ ማኅደር። ፋይል በቀጥታ ሲጫኑት የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ኋላ የገባው ስለሆነ፣ የድሮውን ጽሑፍ ለማየት አስቀድሞ የድሮውን ወርድ ከፍቶ ከውስጥ መጥራት ይሻላል። በየተራ ሲከፍቷቸው እንደ አዲስ ካልተሰናዳሁ እያለ ያስጠብቃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማይክሮሶፍት ለ2003ቱ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ነውና ያ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ቢርቅ መልካም ነው።

ከዚህ በጀልባ ብዙም ሳይርቅ፣ በክብራን ገብርኤል ደሴት፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ወንጌል አለ፤ ብራናውን የገለጠ የቤተ ክህነት ሊቅ ማንንም ሳያስፈቅድ ያነበዋል። ከሃያ ዓመት በፊት የተየበ ገጣሚ ሥራ ግን ለልጁ የማይነበብ ሆኖ ፍላሽ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ አያሳፍርም ትላላችሁ?

ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ፣ እጠቀምባቸዋለሁም። ነገር ግን የተቀየረውን ከምን ጋር እናመሳክረው? ከአሮጌው ወርድ በወረቀት ካተምነው ገጽ ጋር ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው በእርሳስ ይከተላል፤ ብራና የሚገለብጡ አባቶችም ቅጂን ከእናት መጽሐፉ ጋር ሳያመሳክሩ አይለቁም ነበር። ኮምፒውተሬን «ፎርማት ላድርገው» የሚል ባለሙያ ሲመጣም የፎንት ማኅደሩ መገልበጡን በዓይኔ ሳላይ እጁን አላስነካውም።