ኢጣሊያ በወረራዋ ለኢትዮጵያ ያለባት ዕዳ ተዘግቷል?
(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

አልተዘጋም

ኢጣሊያ በ1946 ንጉሥ አውርዳ ሪፐብሊክ ስትሆን የተለወጠው ሥርዓቱ ነው፤ አገሩ ያው ነው፣ ዕዳውም ያው ነው። ሮም ይህን በፊርማዋ አምናለች። በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል አንቀጽ 38፣ በኢትዮጵያ ላይ ለተፈጸመው ሁሉ ተጠያቂነቷ የሚቆጠረው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ ማለትም ጦሯ መረብን ከተሻገረበት ዕለት ጀምሮ ነው። በአንቀጽ 45 ደግሞ የጦር ወንጀለኞችን ይዛ ለፍርድ ልታስረክብ ተስማማች። ለኢትዮጵያ ግን አንድም ሰው አላስረከበችም። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የነበረው ግራዚያኒ በ1950 አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በአዲስ አበባው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ አልነበረም፤ እሱም ወዲያው ተፈታ። በ2012 ኢጣሊያ ውስጥ አፊሌ በተባለች ከተማ መታሰቢያ ቆመለት! ጦሯ በኢትዮጵያ ላይ የተጠቀመበትን የመርዝ ጋዝማ የኢጣሊያ መንግሥት በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ጋዙን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ያጸደቀችው ደግሞ በ1928 ነበር።

ካሳው ተከፍሏል ይባላል። በውሉ የተወሰነው 25 ሚሊዮን ዶላር በ1956ቱ ስምምነት ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ የቆቃ ግድብ ሆነ። ይህ የንብረት ሒሳብ ነው፤ ወንጀለኛን ለፍርድ የማቅረብ ግዴታ በግድብ አይለወጥም። ኢጣሊያም ብትሆን ለራሷ ዜጎች ሲሆን ሌላ ትላለች፦ ናዚዎች ለበደሏቸው ኢጣሊያውያን ጀርመን ትካስ ብለው ፍርድ ቤቶቿ ወስነዋል፣ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2012 ለጀርመን ከፈረደ በኋላ እንኳ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2014 የተበዳዮቹን በር አልዘጋም አለ። ታዲያ ለአዲስ አበባና ለደብረ ሊባኖስ ሟቾች ሲሆን በሩ ለምን ይዘጋል?

ተዘግቷል

መነሻውን እቀበላለሁ፤ መዘዙን ግን ተከራካሪዬ አልተከተለውም። ሥርዓት ሲለወጥ አገር ካልተለወጠ፣ ዕዳ ብቻ ሳይሆን ፊርማም ይወረሳል። ሪፐብሊኩ የሙሶሊኒን በደል ከተሸከመ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ የመጡት መንግሥታትም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ፊርማ ተሸክመዋል። በ1947ቱ ውል አንቀጽ 80 ደግሞ፣ በጦርነትና በወረራ ለደረሰው ጉዳት የመንግሥታቱና የዜጎቻቸው ጥያቄ ሁሉ በካሳው አንቀጾች ተጠቃሏል። ገንዘቡ አንሷል፣ እጅግም አንሷል፤ ኢትዮጵያ ፓሪስ ላይ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር ብቻ 760 ሺህ ገደማ ነበር። ነገር ግን ክፍያው አነሰ ተብሎ ውል የሚፈርስ ከሆነ፣ ጦርነትን የሚዘጋ ውል አይኖርም።

ሄግን ካነሳን የተረታችው ኢጣሊያ ናት። የ2014ቱ ውሳኔ የአንድ አገር ሕገ መንግሥት ትርጓሜ እንጂ በኢትዮጵያ እጅ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ደንብ አይደለም። አንቀጽ 45 መጣሱን አልክድም፤ ያ ነውር ነው። ሆኖም ግራዚያኒ በ1955፣ ሌላው የወረራው ጦር አዛዥ ባዶልዮ በ1956 ሞተዋል፤ የሚረከብ ተከሳሽ የለም። በሕግ የሚሠራው መንገድ አንቀጽ 37 ነው፦ ከኦክቶበር 1935 ወዲህ የተወሰዱ ቅርሶችና መዛግብት በ18 ወር ይመለሱ ይላል። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 ነው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይቶ፤ ቢሆንም ኢትዮጵያ ስትሟገት እጇ ላይ የተጻፈ ግዴታ ነበራት። የቀረውንም ዝርዝር አዘጋጅቶ በዚያው አንቀጽ መጠየቅ ይቻላል። ይቅርታ መጠየቅንም ኢትዮጵያ ታንሳው፣ ግን በፖለቲካ ጠረጴዛ ላይ ነው እንጂ የሕግ ዕዳ ብላ አይደለም።